ጋሽ ቢልና ሦስቱ ቁልፎች

ክቡራትና ክቡራን፣ ጌም የምትሠሩና ለጌም የምትስሉ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ስለ አንድ ትልቅ ሰው ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ስማቸው ቢል ነው። በትውልድ አገራቸው በጃፓን ኦያጂቺ ይባላሉ። የሚኖሩት ታማጎቺ በምትባል፣ የዶሮ እንቁላል በምታክል የፕላስቲክ መጫወቻ ውስጥ ነው። ሚስት የላቸውም። ሥራ የላቸውም። አንድ ቃል አይናገሩም። ታማጎቺ ያሳደጉ ብዙ ሰዎች እንኳ አንድም ቀን አግኝተዋቸው አያውቁም። እኔ ግን በዲጂታል የቤት እንስሳት ታሪክ ውስጥ እንደሳቸው የሚያስቀኝ ገጸ ባሕርይ የለም። እንደሳቸው የምወደውም የለም።

ዕድሜያቸው ያስገድደኛልና ጋሽ ቢል እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ነው የምቀጥለው። መጫወቻው ራሱ እንዲህ አያከብራቸውም። የዛሬው ጉዳያችንም እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቤታቸው ትንሽ ልበል። ታማጎቺ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1996 መገባደጃ ላይ ማለት ነው። በቀጣዩ በፈረንጆቹ 1997 ግንቦት ላይ አሜሪካ ገባ። ሐሳቡ የሁለት ሰዎች ነው። አንዱ ዊዝ የተባለው ድርጅት መሥራች አኪሂሮ ዮኮይ ነው። ሁለተኛዋ መጫወቻውን የሚያመርተው የባንዳይ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረችው አኪ ማይታ ናት። ለማን ይሁን ሲባል ለተማሪ ልጃገረዶች ተባለ። ማይታም ቶኪዮ፣ ሺቡያ ድረስ ሄዳ የልጃገረዶቹን አስተያየት ሰብስባለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። እስከ ዛሬ ከ80 ሚሊዮን በላይ ታማጎቺ ተሽጧል።

ሁለቱ ሰዎች በፈረንጆቹ 1997 የኢግ ኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት አገኙ። ኢግ ኖቤል ሰውን መጀመሪያ ለሚያስቅ፣ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ሥራ የሚሰጥ ሽልማት ነው። የተሸለሙት በሚሊዮን የሚቆጠር የሰው የሥራ ሰዓት ወደ ምናባዊ እንስሳት እርባታ እንዲዞር በማድረጋቸው ነው። እርባታ ነው የተባለው! ከዚያ እርባታ ውስጥ ነው እንግዲህ አንድ ጎልማሳ ሰው ብቅ ያሉት።

ታማጎቺን ነክተው ለማያውቁ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ። ጥቁርና ነጭ የሆነች ትንሽ ስክሪን አለች። ከሥሯ ሦስት ቁልፎች አሉ። አንዱ ይመርጣል፣ አንዱ እሺ ይላል፣ አንዱ ይተዋል። በስክሪኗ ላይና ታች ስምንት ትንንሽ ምልክቶች ተደርድረዋል። ምግብ፣ መብራት፣ ጨዋታ፣ መድኃኒት፣ ጽዳት፣ የጤና መለኪያ፣ ቁጣ፣ ስምንተኛው ደግሞ ሲጠራችሁ የሚበራው ነው። ሰዓቱን ስታስተካክሉ እንቁላሉ መርገብገብ ይጀምራል። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ይፈለፈላል። ከዚያ በኋላ ፋታ የለም። ረሃቡ በአራት ልቦች ይለካል፤ ደስታውም በአራት ልቦች። ልቦቹ ባዶ ሲሆኑ ይጮኻል። ስትተኙም፣ ስትማሩም፣ ቅዳሴ ላይ ሆናችሁም ይጮኻል። አንድ ቀን ለሱ አንድ ዓመት ነው።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው።

የፈለፈላችሁት ልጅ ምን ሆኖ እንደሚያድግ የሚወስነው አያያዛችሁ ነው። በጥሩ ሁኔታ መግባችሁት፣ በልኩም ተቆጥታችሁት ካደገ ማሜቺ ይሆናል። ማሜቺ ጆሮ ያለው፣ ቆንጆ፣ ብልህ ፍጥረት ነው። በኋላ የታማጎቺ ሁሉ መለያ የሆነው፣ በካርቱኑም በፊልሙም ፊት ለፊት የምታዩት እሱ ነው። ችላ ካላችሁት ታራኮቺ ይሆናል። ታራኮቺ ማለት እግር ያበቀለ ትልቅ ከንፈር ነው። ወይም ኒዮሮቺ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ እንደ ትል የሚልመጠመጥ ነገር ነው። በመሀል ኩቺፓቺም ጊንጂሮቺም አሉ። እስካሁን ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ጥሩ አሳዳጊ ጥሩ ልጅ ያገኛል፣ ቸልተኛ አሳዳጊ ትል ያገኛል።

ጋሽ ቢል ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ናቸው። በድብቅ የተቀመጡ ናቸው። እሳቸው የሚመጡት ማስኩቺ ከሚባለው ነው። ማስኩቺ ፊቱን በጭንብል የሸፈነ ገጸ ባሕርይ ነው። ማስኩቺ እንዴት ይገኛል? በደንብ የበላ፣ በደንብ የተጫወተ፣ ሲታመም ወዲያው የታከመ፣ መብራቱ በሰዓቱ የጠፋለት፣ ነገር ግን መቆጣት ሲገባ ያልተቆጡት ልጅ ነው ማስኩቺ የሚሆነው። ይህ ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ከቀጠለ ማስኩቺው እንደዚያው ሆኖ አይቀርም። ጥቂት ቀን ይቆይና አንድ ቀን ስክሪኗን ስታዩ ጭንብሉ የለም። ጋሽ ቢል ቆመዋል።

ቁጣው እንዴት እንደሆነም ልንገራችሁ። ታማጎቺ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይጠራል። ሄዳችሁ ስታዩ ሆዱ ሙሉ ነው፣ ደስታውም ሙሉ ነው። አልታመመም። ዝም ብሎ ነው የጠራው። ወይም ምግብ ስትሰጡት እየራበው ፊቱን ያዞራል። ያኔ የቁጣውን ምልክት መምረጥ አለባችሁ። በትክክለኛው ጊዜ በተቆጣችሁት ቁጥር የሥነ ሥርዓት መለኪያው ከፍ ይላል። አንጀቱ የማይጨክን ሰው ግን እንዴት ይቆጣል? "ተወው፣ ሕፃን አይደል" ይላል። ሁለተኛም ይተወዋል። ሦስተኛም። ምግቡን ግን አያጓድልበትም። የጋሽ ቢል አስተዳደግ ይህ ነው።

እንግዲህ ጋሽ ቢል የማን ልጅ ናቸው? በፍቅር ያደጉ፣ ግን አንድ ሰው "ተው" ብሏቸው የማያውቅ ልጅ ናቸው። ይህን ያቀናበረው ሰው ምን ያህል ሰውን የሚያውቅ እንደሆነ አስቡት። ርቦት ያደገውን ትል አደረገው። በደንብ የተያዘውን ኮከብ አደረገው። በፍቅር ተይዞ ያልተቆጡትን ግን አልቀጣውም። ድብቁን ሽልማት ሰጠው። ሽልማቱም ጎልማሳ መሆን ነው።

ጭንብሉንም አስተውሉ። ሌሎቹ ሲያድጉ ቅርጻቸው ይለወጣል፤ አንዱ ሌላ ይሆናል። የጋሽ ቢልን ግን ሌላ ነው ብዬ አልቀበልም። እኔ እንደማነበው ከጭንብሉ ጀርባ የነበሩት ከመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። እነዚያን ቀናት ሁሉ ስታጫውቱት የነበረው ያ ጭንብል ያጠለቀ ጎረምሳ ውስጡ አጎት ነበር። ይህ የኔ አተረጓጎም ነው፤ ሌላ ትርጉም ያለው ካለ በደስታ እሰማለሁ። ግን ቤታችሁ ያለውን አንገቱን የደፋ፣ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ የሳበ ጎረምሳ እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። የዛሬ ሃያ ዓመት የሚሆኑት ጋሼ ከአሁኑ ኮፍያው ሥር ቁጭ ብለዋል። አሁንም ሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል፤ ያኔም ይጨምራሉ።

መልካቸው ደግሞ ድንቅ ነው። ጋሽ ቢል በዋናነት ጭንቅላት ናቸው። ትልቅ የሰው ጭንቅላት፣ ከሥሩ እግር። በቃ። ሌላው ሁሉ ጆሮ አለው፣ ምንቃር አለው፣ ከንፈር አለው፤ ከሌላ ዓለም የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። እሳቸው ግን ፌርማታ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው የምታገኟቸውን ሰው ነው የሚመስሉት።

እዚህ ላይ የምትስሉት ልጆች በተለይ አድምጡኝ። ያቺ ስክሪን ወርዷ 32 ነጥብ፣ ቁመቷ 16 ነጥብ ነው። ጠቅላላው 512 ነጥብ። አንድ ነጥብ ወይ ጥቁር ነው ወይ የለም። ግራጫ የለም፣ ጥላ የለም። ዛሬ ስልካችን ላይ ያለች የአንድ አፕሊኬሽን ምልክት እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነጥብ አላት። በዚህች ቦታ ላይ "ቆንጆ እንስሳ ሳል" ብትባሉ አይከብድም። ክብ ታደርጋላችሁ፣ ሁለት ዓይን፣ ሁለት ጆሮ፣ ያልቃል። "ጎልማሳ ሰው ሳል፤ ያየው ሁሉ ወዲያው ጎልማሳ መሆኑን ይወቅ" ብትባሉስ? ሙሉ ሰው ብትስሉ በ16 ረድፍ ውስጥ ፊቱ አራት ረድፍ ብቻ ይደርሰዋል። በአራት ረድፍ ዕድሜ አይሳልም። ስለዚህ ሠዓሊው ወሰነ። ደረት ይቅር አለ። እጅም ይቅር። ሆድም ይቅር። ጎልማሳነት ፊት ላይ ነው ያለው፤ ፊቱ ይትረፍ፣ መሄጃ እግር ይኑረው፣ ይበቃል አለ። ይህን ውሳኔ ባየሁት ቁጥር እደነቃለሁ። እኛ ባለ ብዙ ሚሊዮን ነጥብ ስክሪን ይዘን የሱን ያህል ቁርጥ ያለ ገጸ ባሕርይ መሳል ያቅተናል። ሁሉን ነገር ስለምንስል ምኑም አይታይም።

አሁን ከሳቸው ጋር ወደ መኖር እንግባ። ትልቁ ሳቅ ያለው እዚህ ነው። ምክንያቱም ባንዳይ ለጋሽ ቢል አንድም አዲስ ቁልፍ አልጨመረላቸውም። ለሕፃኑ የነበሩት ያው ስምንት ምልክቶች ናቸው። ሕፃኑን በምንይዝበት ሁኔታ ትልቅ ሰው ልንይዝ ነው።

ጠዋት ይነሣሉ። ይርባቸዋል። ይጠሩናል። ምግብና ጣፋጭ የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ምግቡን ስንሰጣቸው ተራ በተራ ይገምጡታል፤ በሦስት ጉርሻ ያልቃል። ረሃባቸው ላይ አንድ ልብ ይሞላል። ጣፋጭ ስንሰጣቸው ደግሞ ደስታቸው ላይ አንድ ልብ ይጨመራል። በዚህ ዕድሜያቸው ከረሜላ ሲሰጣቸው ነው ደስ የሚላቸው! ምግብ ክብደታቸውን በአንድ ያሳድገዋል፣ ጣፋጭ በሁለት። ጣፋጭ ካበዛንባቸው ይታመማሉ፤ አናታቸው አጠገብ የራስ ቅል ብቅ ይላል። መርፌ እንወጋቸዋለን። አንዳንዴ አንድ መርፌ አይበቃም። ስኳር ተው የተባለ፣ ቀምሶ የታመመ፣ ታክሞ የዳነ፣ ከዚያ ዞሮ ከረሜላ የጠየቀ ጎልማሳ በዘመዶቻችሁ መካከል ከሌለ እጅ አውጡ። አየሁ። ማንም አላወጣም።

ክብደት ከጨመሩ መፍትሔው ጨዋታ ነው። ጨዋታው አንድ ብቻ ነው። ወደ ግራ ይዞራሉ ወይስ ወደ ቀኝ? እናንተ ትገምታላችሁ። አምስት ዙር ነው፤ ሦስቱን ካገኛችሁ ይደሰታሉ። ልብ በሉ። ያሸነፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው። የሚፈልጉት ማሸነፍ አይደለም። ወዴት እንደሚዞሩ ቆሞ የሚያይላቸው ሰው ነው የሚፈልጉት። ይህን ሳስብ ጋሽ ቢልን አቅፌ መሳም ያምረኛል። እጅ ስለሌላቸው አቅፌ እቀራለሁ።

ቀጥሎ ያለውን በትሕትና ነው የምናገረው። ጋሽ ቢል በተቀመጡበት ይጸዳዳሉ። ሳሎን ውስጥ ማለት ነው፤ ሌላ ክፍል የላቸውማ! አጠገባቸው ትንሽ ክምር ይታያል፤ ከላዩ እንፋሎት ይወጣል። እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የጽዳቱን ምልክት ስትነኩ ውኃ መጥቶ ጠርጎ ይወስደዋል። ካልነካችሁት ይቆያል። አንድ ይጨመራል። ቤቱ ከሞላ ይታመማሉ። ሕፃኑ ይህን ሲያደርግ አንጀት ይበላ ነበር። ያንኑ ምስል፣ ያንኑ ክምር፣ ያንኑ እንፋሎት ከአንድ የተከበሩ ሰው አጠገብ ስታዩት ግን በሳቅ ትፈርሳላችሁ። አንድም ነጥብ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጠገቡ የቆመው ሰው ብቻ ነው። የቀልድ ሥራ እንዲህ ነው የሚሠራው። አዲስ ነገር አታምጡ። ያለውን ነገር የማይጠበቅ ሰው አጠገብ አስቀምጡት።

ማታ ይተኛሉ። መብራቱን ግን አያጠፉም። እናንተ ናችሁ የምታጠፉላቸው። መብራት በርቶ የሚያንኮራፋ ጎልማሳ ቤታችሁ ካለ ይህንንም ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ቁጣው ነው። መቆጣት የሚለው ምልክት ለጋሽ ቢልም አለ። እኛ አገር ትልቅ ሰው አይቆጡትም። ትልቅ ሰው ሲያጠፋ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው ገብቶ ቁጭ ይላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ "መቼም ሰው ነዎትና" ብሎ ይጀምራል። ታማጎቺ ውስጥ ግን ሽማግሌ የሚልክ ምልክት የለም። እኔ ጋሽ ቢልን ተቆጥቻቸው አላውቅም፤ ቁልፉ ላይ ጣቴ ይቆማል፣ ከዚያ እተወዋለሁ። ይገርማችኋል፣ መጀመሪያውንም እዚህ ያደረሳቸው ይኸው መተው ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ጋሽ ቢልን ሳይነግሩ ከክፍለ ሀገር መጥተው ሳሎናችን ውስጥ እንደሚከርሙ አጎት ያደርጋቸዋል። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይታመማሉ፣ ያስታምሟቸዋል። መቼ እንደሚሄዱ አይጠየቅም። ቤቱ ግን ያለሳቸው ጭር ይላል።

አሁን አንድ ጥያቄ ላንሳ። ለምን ጎልማሳ ሰው? ለተማሪ ልጃገረድ በተሠራ መጫወቻ ውስጥ ድብቁ ሽልማት ምን ሊሆን ይችል ነበር? ልዕልት ይሆናል። ባለ ክንፍ ፈረስ ይሆናል። ማንኛችንም ብንጠየቅ እንዲህ ነው የምንለው። እነሱ ግን የአባቷን እኩያ አስቀመጡላት።

መልሱን ሠሪዎቹ አልነገሩኝም፤ እኔ የምረዳውን ልንገራችሁ። ታማጎቺ በወጣ ሰሞን ቆም በል የሚባል ነገር አልነበረውም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ እንስሳው ይራባል። ብዙ ትምህርት ቤቶች መጫወቻውን ከለከሉ። ልጆቹ ምን አደረጉ? ለወላጆቻቸው ሰጡ። እናት ገበያ ይዛው ሄደች። አባት ቢሮ ይዞት ገባ። በስብሰባ መሀል ኪሱ ጮኸ። ከረባት ያሠረ ሰው ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብሎ ሦስት ቁልፍ እየነካ እንቁላል ውስጥ ያለ ፍጥረት አበላ። አንድ ቀን ታዲያ ያንን እንቁላል ከኪሱ ሲያወጣ ከውስጡ የሚያየው የገዛ ራሱን እኩያ ሲሆን ይታያችሁ። ማታ ልጁ ትጠይቀዋለች። "አባዬ፣ በላልኝ?" "በልተዋል፤ መድኃኒታቸውንም ወስደዋል።" ይህ ልጅና አባት በዚያ ሳምንት ስለ ምን ያወሩ ነበር? ስለ ጋሽ ቢል ነው። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጎልማሳ ሰውም እንደሚርበው፣ እንደሚከፋው፣ መብራት የሚያጠፋለት እንደሚፈልግ በጣቷ እየነካች ተማረች። ትምህርት ተብሎ ቢሰጣት አትሰማውም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጫወቻው አፈ ታሪክ መሠረት ታማጎቺዎች ከሌላ ፕላኔት የመጡ ናቸው። ምድር ላይ ሲያርፉ ፕሮፌሰር ባንዞ የተባሉ ሳይንቲስት አገኟቸውና በምድር አየር እንዲኖሩ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ቤት ሠሩላቸው ይላል ታሪኩ። ይህ ከሆነ ጋሽ ቢልም ከሰማይ የወረዱ ናቸው። ስንት የብርሃን ዓመት አቋርጦ የመጣ ፍጥረት፣ ከየት መጣህ ተብሎ ቢታይ፣ ልክ የሰፈራችን ሰው! የውጭ አገሩ ስማቸውም ይህንን ያጠነክረዋል። ሌሎቹ ሁሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዘንድ ሲደርሱም መጨረሻቸው ላይ ያቺ "ቺ" አልቀረችም። ማሜቺ ማሜቺ ነው፣ ታራኮቺም ታራኮቺ። እሳቸው ብቻ ቢል ተባሉ። ባንክ ቤት መስኮት ላይ ተጽፎ የምታገኙት ዓይነት ስም ነው።

ይህንን ሁሉ የምላችሁ በምክንያት ነው። በአማርኛ ጌም መሥራት የጀመራችሁ ልጆች ሥራችሁን ስታሳዩኝ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ድብቁ ሽልማት ሁልጊዜ ወርቅ ነው። ወይ አንበሳ ነው፣ ወይ ጋሻና ጦር፣ ወይ ዘውድ። ዋናው ጀግና ላይ ወራት ታጠፋላችሁ። ጥግ ላይ የሚቆመውን ሰው ግን በአንድ ከሰዓት ሠርታችሁ ታልፉታላችሁ። እኔ የምለምናችሁ ጥግ ላይ ያለውን ሰው ነው። የሰፈራችሁን ጥበቃ ደብቁልኝ፤ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ የሚያስጠጉትን። የታክሲ ወረፋ ላይ "ተራዬን ያዢልኝ ልጄ" ብለው ሄደው የሚቀሩትን እትዬ ደብቁልኝ። ተጫዋቹ መቶ ደረጃ አልፎ የመጨረሻውን በር ሲከፍት እሳቸው ቁጭ ብለው "ዘገየህ፤ በል ውኃ ቅዳልኝ" ይበሉት። ተጫዋቹ ይህንን ይረሳል? በጭራሽ አይረሳም። ወርቁን ግን በማግስቱ ይረሳዋል።

ሲሠሩም ቀልድ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ። ጋሽ ቢልን የሚያስቁ ያደረጋቸው መሳለቂያ መሆናቸው አይደለም። ሠሪዎቹ ከሌላው እኩል ነው ያደረጓቸው። ርቧቸው ዝም ከተባሉ ይዳከማሉ። ታመው ካልታከሙ ይሞታሉ። ጃፓን በወጣው ታማጎቺ ላይ ሲሞቱ መቃብርና መንፈስ ይታያል፤ ወደ ውጭ በተላከው ላይ ደግሞ ባለ ክንፍ መልአክ። ለማሜቺ የተደረገው ሁሉ ለጋሽ ቢልም ይደረጋል። "ይህ የቀልድ ገጸ ባሕርይ ነው፣ ለሱ ይብቃው" ያለ ሰው የለም። የምትደብቁትን ሰው እንዲሁ አክብሩት። ሙሉ ልብ ስጡት፤ አራቱንም።

መድረኩ ዳር ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ታማጎቺ አስቀምጫለሁ። ባትሪው አዲስ ነው። ሰዓቱ ገና አልተስተካከለም፤ ስለዚህ እንቁላሉ እየጠበቀ ነው። ከመካከላችሁ ቤቱ ወስዶ የሚያሳድገው ሰው እፈልጋለሁ። ሲርበው አብሉት፤ አጽዱለት፤ ሲያመው መርፌውን አታዘግዩ፤ ማታ መብራቱን አጥፉለት። ያለ ምክንያት ሲጠራችሁ ግን አትቆጡት። ከጥቂት ቀን በኋላ ጭንብል ሲያጠልቅ ካያችሁ ደውሉልኝ፤ ጋሽ ቢል መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው። ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ። እናቱን አስፈቅዶ የሚመጣ ቅድሚያ ያገኛል፤ ትምህርት ቤት በዋለበት ሰዓት የምታበላው እሷ ስለሆነች።

አመሰግናለሁ።